ዎርድፕሬስን ከመውጫው በር ጀምሬ ስፈትሸው

የእናቴን የጾም ምግቦች አሠራር እየጻፍኩ ማውጣት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አምስቱን ዓመት የኖርኩት ስሙን በማልጠራው አንድ የመጻፊያ አገልግሎት ላይ ነው። ኪራይ የማይጠይቅ አከራይ ነበር፤ ልልቀቅ ስል ግን ዕቃዬን አጉድሎ ሰጠኝ። 187 ጽሑፍ ነበረኝ። የላኩልኝን ፋይል ስከፍተው ቀን የሌላቸው፣ አንባቢዎች የሰጡት አስተያየት የተገፈፈባቸው ገጾች ተዘረገፉ። የድረ ገጹ አድራሻም የእነርሱ ስለነበር ሰው ለዘመዱ የላከው ማያያዣ ሁሉ ዛሬ ባዶ ቤት ያንኳኳል።

ስለዚህ ዎርድፕሬስን፣ ማለትም አሁን የምጠቀምበትን የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም፣ የሞከርኩት ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። ሁለት ጽሑፍ ብቻ አስገባሁና ወዲያው ሁሉንም መልሶ እንዲያወጣልኝ አዘዝኩት። አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሆነ በምልክት የተጻፈበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ወረደ፤ በተራው የማስታወሻ መጻፊያ ከፈትኩት። በምልክቶቹ መካከል የእልበቱ አሠራር እስከ አራት ነጥቡ ተቀምጧል፤ ከላይ ቀኑ፣ ከሥር ለሙከራ የጻፍኩት አስተያየት። ፋይሉ የተሠራው ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቀው በክፍቱ የአርኤስኤስ ቅርጽ (ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፋቸውን በሚያሰራጩበት) ላይ ስለሆነ ሌሎች የመጻፊያ ፕሮግራሞችም ሊያነቡት ይችላሉ።

በዚህ ነገር የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፌን በ1993 ዓ.ም. ስጽፍ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ ገና መግባቱ ነበር፤ እኛ የምንጠቀምባቸው የአማርኛ መጻፊያዎች ግን እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡት ነበር። ያ ፋይል ዛሬም አለኝ። ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ነው። የተረፈኝ የታተመው ቅጂ ብቻ ነው።

እንከን የለውም አልልም። አድራሻ ውስጥ ሲገባ አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ ዎርድፕሬስ ደግሞ ከ200 በላይ አይቀበልም። «የእናቴ የእልበት አሠራር ከባቄላና ከአብሽ ዱቄት» ብዬ የሰጠሁት ርዕስ አድራሻው ላይ «ከአብ» ብሎ ቆመ፤ ወጥ ልሠራ ተነስቼ ጸሎት ጀመርኩ። አሁን አጭር አድራሻ በላቲን ፊደል ራሴ እሞላለሁ። ሌላው የፎቶው ነገር ነው፦ የሚወጣው ፋይል የሚይዘው የፎቶዎቹን አድራሻ እንጂ ፎቶዎቹን አይደለም። አዲሱ ቤት ፎቶዎቹን ከአሮጌው ስቦ እስኪጨርስ ድረስ አሮጌውን እንዳትዘጉት።

በዚሁ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች እንዳሉም ልብ በሉ። አንዱ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው አገልግሎት ነው። እኔ የመረጥኩት ሌላውን፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውንና ማንም አውርዶ የሚጭነውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ነጻው ሙያው ነው፤ ምጣዱና ማገዶው፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር (የሰርቨሩ) ኪራይና የድረ ገጹ ስም ክፍያ፣ ከኪሴ ይወጣል። ከፍያለሁ፤ አልቆጨኝም።

የአሮጌዎቹን ጽሑፎች ቀን አሁን በእጄ እየመለስኩ ነው፤ 112ኛው ላይ ደርሻለሁ። ፎቶውን ለእናቴ አሳያታለሁ። «ይሄ የፍልሰታ ነው፤ አክስትሽ ከጎንደር የመጣች ጊዜ» ትለኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ።