ጅራፍ ማጮህ ያስታወሱኝ የጎልፍ አሰልጣኝ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከአራት ወር በፊት ነው። ለውጡ እውነት መሆኑን ሳላረጋግጥ ሰው ልጠቁም አልፈለግኩም። አሁን አረጋግጫለሁ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ጎልፍ ጀምራችሁ ኳሱ አልሄድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ ነው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «የሚፈልገኝ ካለ ስልኬን ስጠው፣ ይበቃል» ነው ያሉኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን አጋምሷል። አሜሪካ እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ የእንግዶችን መኪና ማቆም ነበር። ማታ ሥራ ሲያበቃ ከሣር አጫጆቹ ጋር እየቀሩ ኳስ መምታት ለመዱ። ዛሬ በሜሪላንድ በኩል ባለ አንድ የልምምድ ሜዳ ያስተምራሉ። በእንግሊዝኛም፣ በአማርኛም።

እኔ 41 ዓመቴ ነው። ኑሮዬ መኪና መንዳት ነው። ጎልፍ የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ሲሆን ወዲያው ነው የያዘኝ። ችግሬ ስላይስ ነበር። ለማታውቁት፣ ስላይስ ማለት ኳሱ ደህና ይነሳና አየር ላይ እያለ ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ዛፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ቀኝ እጅ ለሆነ ተጫዋች ማለቴ ነው። በዚያ ላይ ርቀት የለኝም። በድራይቨር (ኳስ በጣም ለማራቅ በሚያገለግለው ረጅም ዱላ) መትቼ ኳሴ 185 ያርድ ገደማ ላይ ይወድቅ ነበር። በ20 ዓመት የሚበልጡኝ ሰዎች ሳይቸኩሉ፣ ሳይጨነቁ መትተው ያልፉኛል። ጉልበት ግን ከእነሱ በላይ አለኝ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ አጥብቄ መምታት ጀመርኩ። ባሰ። ወደ ቀኝ ስለሚሄድብኝ ወደ ግራ ማነጣጠር ጀመርኩ። ይበልጥ ባሰ። አንድ ሱቅ ገብቼ ሻጩ የመከረኝን የፊቱ ማዘንበል 9 ዲግሪ የሆነ፣ ዘንጉ በጣም ጠንካራ የሆነ አዲስ ድራይቨር 550 ዶላር ገዛሁ። ኳሱ ያው ዛፍ ውስጥ ገባ። ከዚያ አንድ ሌላ አሰልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ነገር ቀይር አለኝ። ጭንቅላትህን፣ ክርንህን፣ ጉልበትህን፣ የእጅህን አንጓ… ከዚያ ቀን በኋላ ኳሱ ፊት ስቆም እንደ ድንጋይ ነበር የምደርቀው። ወገቤም መታመም ጀመረ።

ጋሼ ጋ የወሰደኝ ጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ከቦርሳቸው ለእግር ላብ የሚረጨውን ነጭ ዱቄት አወጡና የድራይቨሬን ፊት ረጩት። «አሥር ኳስ ምታ» አሉኝ። ኳሱ በነካው ቦታ ዱቄቱ ይነሳል። ከአሥሩ ሰባቱ መሃሉን ስተው ወደ ዘንጉ ተጠግተው ነበር። በድራይቨር እዚያ ቦታ ላይ ከመታችሁ ኳሱ ወደ ቀኝ የመጠምዘዝ ዝንባሌው ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሦስት ዓመት ስጫወት ዱላዬ ኳሱን የት እንደሚነካው አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያቸውን አስቀመጡ። የዱላዬ ፍጥነት በሰዓት 94 ማይል። የኳሱ 125። ጋሼ የኳሱን ፍጥነት ለዱላው ፍጥነት በወረቀት ላይ አካፍለው አሳዩኝ፦ 1.33። «በድራይቨር ጥሩ አድርጎ የመታ ሰው ወደ 1.5 ይጠጋል። ልጄ፣ ፍጥነት አላጣህም። ያለህን ነው የምታባክነው» አሉኝ። ለመዝናናት የሚጫወት ወንድ ዱላውን የሚወዘውዘው በአማካይ ከ90 እስከ 95 ማይል ባለው ፍጥነት ነው። ስለዚህ እኔ ከማንም አላንስም ነበር። ይህን መስማቴ ብቻውን ትልቅ ሸክም አራገፈልኝ።

ያን ቀን ገንዘብ አልተቀበሉኝም። «ገና ምንም አላስተማርኩህም» ብለው መለሱልኝ።

በሁለተኛው ቀን የነካኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግራ እጄን አያያዝ። ዱላውን ስይዝ ግራ እጄ ከልክ በላይ ወደ ግራ ዞሮ ነበር። ወደ ታች ሳይ የሚታየኝ አንድ የጣት አንጓ ብቻ ነው። በዚያ አያያዝ ዱላው ኳሱ ጋ ሲደርስ ፊቱ ወደ ቀኝ ተከፍቶ ይመጣል። ሰውነቴ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ በራሱ ጊዜ ዱላውን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ፊቱ ወደ ቀኝ፣ መንገዱ ወደ ግራ። ስላይስ ማለት ይኸው ነው። ኳሱ በአብዛኛው የሚነሳው የዱላው ፊት ወደሚያይበት ነው፤ የሚጠመዘዘው ደግሞ ፊቱና የዱላው መንገድ ስለተለያዩ ነው። ወደ ግራ ባነጣጠርኩ ቁጥር ልዩነቱን እያሰፋሁት ነበር ማለት ነው። ጋሼ እጄን ወደ ቀኝ ዞር አደረጉት፣ ሁለት አንጓ እስኪታይ። ሌላ ምንም አልነኩም። «ይሄንን ሁለት ሳምንት ቤትህ ቴሌቪዥን ስታይ ያዝ» አሉኝ። ያዝኩት። መጀመሪያ ላይ የሰው እጅ የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

ልቤን የነካው ግን ሦስተኛው ቀን ነው።

«ልጄ፣ አገር ቤት ጅራፍ አጩኸህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«እንዴ ጋሼ! የደብረ ታቦር ልጅ እኮ ነኝ።»

«በል እሺ፣ ጅራፍ በጉልበት ይጮኻል?»

አይጮኽም። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ገምዶ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። በጉልበት የገረፈ ልጅ ጅራፉ ይጠላለፍበታል፣ ወይ ዞሮ ራሱን ይገርፈዋል። የሚያጮኸው ልጅ ክንዱን ለቀቅ አድርጎ ይሰድና በመጨረሻዋ ቅጽበት እጁን ያዝ ያደርጋል። እጁ ሲቆም ፍጥነቱ በገመዱ ወርዶ ወርዶ ቀጭኑ ጭራ ላይ ይደርሳል። የሚጮኸው ጫፉ የድምፅን ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው።

ጋሼ ዱላዬን ገልብጠው ሰጡኝ። የብረቱ ራስ ወደ እጄ፣ መያዣው ወደ መሬት። «ወዝውዘውና ድምፁ የት እንደሚሰማህ ንገረኝ» አሉ። እፍፍፍ የሚለው ድምፅ የተሰማኝ እዚህ፣ ቀኝ ትከሻዬ አጠገብ ነው። «አየህ፣ ጅራፍህ ኳሱ ጋ ሳይደርስ ጮኸ» አሉኝ። እዚያው ላይ ገባኝ። ኃይሌን ሁሉ ከላይ እጨርሰዋለሁ፣ ኳሱ ጋ ስደርስ የቀረኝ ትራፊ ነው። ድምፁ መሰማት ያለበት ኳሱ ባለበት ወይም ትንሽ አልፎ፣ በግራ እግር በኩል ነው።

ለዚህ ደግሞ መጀመር ያለበት ከእግር ነው። ክብደት ወደ ግራ እግር ይሻገራል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ክንድ፣ መጨረሻ ላይ ዱላው። አንዱ ሲዘገይ ቀጣዩ ይፈጥናል፣ ልክ እንደ ጅራፉ። እኔ የምጀምረው ከትከሻዬ ነበር። ለመልመድ ሁለት እግሬን ገጥሜ እቆማለሁ፣ ዱላው ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ በግራ እግሬ ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ እራመድና እመታለሁ። የገና ጨዋታ ውስጥ ሮጦ የመታ ሰው እግሩ ይህን ያስታውሳል። ወገቤን ያሳመመኝም ያው የትከሻ ግፊት መሆኑን ነገሩኝ። እውነትም ከወር በኋላ ሕመሙ ጠፋ። (ወገባችሁን ለሚያማችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ነው የሚቀድመው፤ እኔም ጋሼ ግድ ብለውኝ ታይቻለሁ።)

ስለ አዲሱ ድራይቨር ስጠይቃቸው ሽጠው አሉኝ። ዱሮ የነበረኝ ባለ 10.5 ዲግሪ ለእኔ ፍጥነት ይሻላል፣ ዘንጉም ለስለስ ያለ ነው። እሳቸው ራሳቸው ዱላ አይሸጡም፣ ከማንም ሱቅ ኮሚሽን አይቀበሉም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አራት ወር ሲሞላኝ እንደገና ለካን። የዱላዬ ፍጥነት 97 ማይል። ሦስት ማይል ብቻ ነው የጨመረው። የኳሱ ግን 141 ሆነ። ኳሱ አየር ላይ የሚሄደው 228 ያርድ ደረሰ። አሁንም አልፎ አልፎ ወደ ቀኝ ትሄድብኛለች፤ ግን ምክንያቱን አውቄ ራሴ አርማለሁ።

ጋሼ ተማሪዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጨዋታ የሚያጫውቱት ላንግስተን ነው። ዲሲ ውስጥ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው የሕዝብ ሜዳ። ቤኒንግ ሮድን ይዘን ስንገባ ታሪኩን ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን፣ ለእነሱ ተብሎ ነው። ዌክ ሮቢን የሚባል የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ከ1937 ጀምሮ ነበር፤ የከተማው ሜዳዎች ለሁሉም እንዲከፈቱም ታግሏል። በ1975 ማስተርስ በተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሊ ኤልደርም በኋላ ይህንን ሜዳ አስተዳድሯል። ጋሼ የመጀመሪያው ቲ (ጨዋታው የሚጀመርበት ቦታ) ላይ ቆመው «እኛ ዛሬ ከፍለን የምንገባው እነሱ ስለታገሉ ነው። ሣሩን ቆርሰህ ከሄድክ መልሰህ ድፈነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የቆረስኩትን ሣር ሳልመልስ አልሄድም።

ከመደወላችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ጋሼ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆኑም። በአንድ ቀን የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፣ ሳይለማመድ የመጣን ሰው «ሂድና ተለማምደህ ና» ብለው ይመልሱታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስልክ አያነሱም። ፓቲንግ (ኳሱን ጉድጓዱ አጠገብ በቀስታ ገፍቶ ማስገባት) ደግሞ ከሌላ ሰው ተማሩ ይላሉ፣ ጉብዝናዬ ረጅሙ ምት ላይ ነው ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ለአንድ ሰዓት 70 ዶላር ይቀበላሉ። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ከመጡም ዋጋው ያው ነው፣ ይካፈሉታል። ሴቶችንና ልጆችንም ያስተምራሉ፤ የጓደኛዬ የ12 ዓመት ልጅ ከእኔ በፊት ነው የገባት።

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጉልበቴ አነሰ ብዬ ራሴን ስወቅስ ኖሬ ነበር። ተቀምጠው፣ ዝም ብለው፣ በደንብ ያዩኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴም ወገብህ ዳነ ብላ ታመሰግንዎታለች።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ያው ቀን እመልሳለሁ። ስትሄዱ ያላችሁን ዱላ ይዛችሁ ሂዱ። እሳቸው ሳያዩዋችሁ አዲስ ድራይቨር እንዳትገዙ።