ከታረደ መኪና የወጣ ስክሪን ወይስ አዲስ አንድሮይድ? ቤቱ ሆኖ ራሱ ለሚገጥም ገዢ የቀረበ ንጽጽር

የመኪና ስክሪን ሲሞት፣ ወይም ከጃፓን እንደመጣ በጃፓንኛ ጽሑፍ ተሞልቶ አልታዘዝ ሲል፣ ባለመኪናው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ለመለዋወጫ ከተፈታታ፣ በተለምዶ ከታረደ ከምንለው መኪና የወጣ የፋብሪካ ስክሪን ከመርካቶው ሶማሌ ተራ ገዝቶ መቀየር ነው። ሁለተኛው አዲስ የቻይና አንድሮይድ ስክሪን መግጠም ሲሆን፣ ሦስተኛውና ብዙዎች ሳያስቡት የሚያልፉት ደግሞ መኪናው ላይ ያለውን ራሱን አስከፍቶና አድሶ መጠቀም ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በመሆኑ የተሳሳተ ዕቃ ለመመለስ መርካቶ ደርሶ መምጣት ግማሽ ቀን ይበላል፤ ስለዚህ ሦስቱን የማነጻጽረው በሱቅ ዋጋቸው ብቻ ሳይሆን ቤት ከደረሱ በኋላ በሚያመጡት ጣጣ ጭምር ነው። ዋጋን በብር አልጠቅስም፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር በሚቀጥለው ወር ገዢውን ከሻጩ ጋር ከማጨቃጨቅ በቀር አይጠቅምም።

ምርጫውን የሚወስነው የስክሪኑ ስፋት ወይም ውበት ሳይሆን መኪናው በስክሪኑ በኩል የሚሠራው ሥራ ነው። እንደ አብዛኞቹ ቪትዝና አሮጌ ኮሮላ ኤሲው የራሱ ቁልፎች ካሉት፣ ስክሪኑም ከሙዚቃ፣ ከራዲዮና ከኋላ ካሜራ ያለፈ ኃላፊነት ከሌለበት፣ ምንም ቢገጠምለት መኪናው ቅር አይለውም። ኤሲው፣ የመኪናው ቅንብርና ማስጠንቀቂያው በሙሉ በስክሪኑ ውስጥ በሚያልፍበት መኪና ላይ ግን የፋብሪካውን አንሥቶ ሌላ ማስገባት የማይመከር ነው፤ እንዲህ ላለው መኪና ያገለገለ ኦሪጂናል፣ ቢወደድም፣ ከአዲስ አንድሮይድ ይሻላል።

ያገለገለው ኦሪጂናል ትልቁ ጥቅሙ ሁሉም ነገር ቦታውን ማግኘቱ ነው። ሶኬቱ ያለ ቅጥያ ይገባል፣ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ይሠራሉ፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ ካሜራው ይበራል፣ የክሩስኮቱም ፕላስቲክ አይቆረጥም። ይሁን እንጂ ከፊት ፍጹም አንድ የሚመስሉ ሁለት ስክሪኖች በውስጣቸው ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ገዢው ፊቱን አይቶ ከመደሰቱ በፊት ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ይኖርበታል። የቶዮታ ዕቃ ከሆነ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በሰረዝ የተከፈለ፣ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ምልክት ያለው የዕቃ ቁጥር ይገኛል። የመጀመሪያው ክፍል፣ ለምሳሌ 86120 የሚለው፣ ዕቃው የራዲዮ ወገን መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ለየትኛው ሞዴልና ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ የሚለየው ሁለተኛው ክፍል ነው። ሻጮች የመጀመሪያውን አይተው «ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። ከቤት ሳይወጡ የራስዎን ራዲዮ ነቅለው የጀርባውን ወረቀት በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ሱቁ ውስጥ ከሚደረግ ክርክር ሁሉ ይበልጣል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ የስርቆት መከላከያው ቁልፍ ነው። የቀድሞ ፎልክስዋገን ራዲዮኖች ከባትሪ ከተለያዩ በኋላ ባለ 4 አሃዝ ኮድ ይጠይቃሉ፣ ተደጋግሞ ከተሳሳተም ለጊዜው ይቆለፋሉ። በኋላ የወጡት የዚሁ ቤተሰብ ስክሪኖች ከዚህም ጠንከር ያሉ ሲሆኑ፣ የተወለዱበትን መኪና ስለሚያስታውሱ በሌላ መኪና ላይ ሲገጠሙ በአምራቹ ሲስተም በኢንተርኔት ካልተፈቱ በትክክል አይሠሩም። ሲንክ 3 የተባለው የፎርድ ስክሪን በአንጻሩ ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ቸር ነው፤ ከስክሪኑ ጀርባ የተጣበቀው ሞጁል በፎርስካን ፕሮግራም፣ በላፕቶፕና በመኪናው መመርመሪያ ሶኬት በኩል ከአዲሱ መኪና ቅንብር ጋር ሊላመድ ይችላል። ፎርድ ሬንጀር የሚነዳ ሰው ያገለገለ ሞጁል ቢገዛ የማልቃወመው ለዚህ ነው። የጃፓን ገበያ የቶዮታ ናቪጌሽኖች ደግሞ ባትሪ ሲነቀል የካርታውን ኤስዲ ካርድ፣ አንዳንዴም የይለፍ ቁጥር ይጠይቃሉ።

ይህን የመጨረሻውን ያወቅሁት በገንዘቤ ነው። የቪትዜ ስክሪን ግማሽ ጎኑ ሲነካ አልሰማ ስላለኝ ተመሳሳዩን ያገለገለ ገዛሁ፤ ሻጩ ከአንድ ባትሪ ጋር በሁለት ሽቦ አገናኝቶ የቶዮታን ምልክት ሲያሳየኝ ረክቼ አስጠቀለልኩት። ቤት ወስጄ ስገጥመው ምልክቱ እንደተለመደው መጣ፣ ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ግን ጠፍቶ በጃፓንኛ የተጻፈ አንድ መስመርና ከሥሩ የቁጥር ሰሌዳ ወጣ። ሱቁ ላይ እኮ ከምልክቱ በኋላ የሚመጣውን ገጽ ሳንጠብቅ ነበር ያጠፋነው! ስመልሰው ልጁ በትሕትና «ጋሼ፣ ሲሠራ አይተው አይደል የወሰዱት?» አለኝ፤ ሲበራ እንጂ ሲሠራ አላየሁም ነበርና መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሊወስድ ይገባል። ዕቃው እስከ መጨረሻው ገጽ ይክፈት፣ ከባትሪው ተነቅሎ እንደገና ይገናኝ፣ ስክሪኑ በአራቱም ማዕዘን በጣት ይነካ፣ ሞቅ እስኪልም ይቆይ፤ ብየዳው የላላ ሰሌዳ ቀዝቃዛ ሳለ ሠርቶ ሲሞቅ ነው የሚጠፋው። የጀርባው ብሎኖች በካቻቢቴ የተፋቁ ከሆኑ ሌላ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ሶኬቱ ላይ የተቆረጠ ሽቦ እንደተንጠለጠለ የሚሸጥ ስክሪን ሲያጋጥም ደግሞ አለመግዛቱ ይመረጣል፤ መኪና የሚያርድ ሰው ሶኬቱን ጫን ብሎ ይነቅላል እንጂ የሚሸጠውን ሽቦ አይቆርጥም፣ የሚቸኩል ሌባ ግን ይቆርጣል። ደረሰኝ መጠየቅም ከሻጩ ጋር አያጣላም፤ ካጣላም ያው መልስ ነው።

አዲሱ አንድሮይድ የሚያሸንፍባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። ኮድ አይጠይቅም፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የዘፈን ስም ባዶ ሳጥን ሳይሆን እንደ ስሙ ያሳያል፣ ቀድሞ የወረደ ካርታ ኢንተርኔት በሌለበትም ያሳያል፣ ራዲዮውም የእኛን ሞገድ በሙሉ ይይዛል። የሚሸነፈው ሐቀኝነት ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ፣ እንዲያውም በስክሪኑ ቅንብር ገጽ ላይ፣ «አንድሮይድ 13» ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ያለው ከዚያ በጣም የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ራሙም፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታው፣ እንዲሁ ሊጋነን ይችላል። ስለዚህ የተጻፈውን ከማመን ይልቅ ካርታና ሙዚቃ በአንድ ጊዜ አስከፍቶ፣ በመሐል ካሜራው እንዲበራ የሚያዘውን ሽቦ ከ12 ቮልት ጋር አስነክቶ፣ የካሜራው ገጽ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚመጣ ማየት ይሻላል። የ1 ጊጋባይት ራም ያለውን በምንም ዋጋ አልመክርም፤ 2 ጊጋባይት ለሙዚቃና ለካሜራ ይበቃል፣ ካርታ ዘወትር ለሚጠቀም ግን 4 ጊጋባይቱ ልዩነቱን ያሳያል።

ልክም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ባለ ሁለት ዲን የሚባለው የራዲዮ መግጠሚያ ክፍተት ስፋቱ 180፣ ቁመቱ 100 ሚሊሜትር ሲሆን የቶዮታው ስፋት ግን 200 ነው፤ ባለ 180ው ሲገባ በግራና በቀኝ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል። ባለ 9 እና ባለ 10 ኢንቹ በየሞዴሉ ከተሠራ ፍሬም ጋር ይሸጣል። መሪው ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረለት ቪትዝ ያለው ሰው ግን ክሩስኮቱ የተነካ በመሆኑ በስሙ ብቻ ፍሬም ባይገዛ ይመረጣል፤ አውጥቶ በሜትር ይለካ።

ስለ አንድሮይድ ከሰማኋቸው ቅሬታዎች ብዙውን ጊዜ የዕቃው ጥፋት የማይሆነው የባትሪ ማለቅ ነው። የጎረቤቴ መኪና አዲስ ስክሪን ከተገጠመላት ወዲህ ሦስት ቀን ከቆመች አልነሣ ትል ነበር። ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በሽቦው መካከል አስገብቼ፣ መኪናዋ ተቆልፋ ጥቂት ከቆየች በኋላ ሳነብ 0.4 አምፒር አሳየ፤ ጤነኛ መኪና ተቆልፋ ስታድር የምትጠጣው ብዙውን ጊዜ ከ0.05 አምፒር በታች ነው። 45 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት በአምስት ቀን ውስጥ ይደርቃል፣ ሞተር ለማስነሣት የሚያንሰው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል የራዲዮው ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወደቀ። ገጣሚው ሁልጊዜ ኃይል የሚሰጠውን ቢጫ ሽቦና በቁልፍ የሚበራውን ቀዩን ባንድ ላይ ጠምዞ በናስትሮ ጠቅልሏቸው ነበር፤ ስክሪኑ ጨልሞ ይታያል እንጂ ውስጡ አይተኛም። ቀዩን ቁልፉ ሲጠፋ ከሚጠፋ ፊውዝ ጋር ማገናኘት ብቻ በቃው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ያለውን ማደስ፣ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ስክሪኑ ካልተሰበረና የካርታ ካርዱ ካልጠፋ መጀመሪያ እርሱን መሞከር ተገቢ ነው። የጃፓኑን ራዲዮ ብዙ ሰው የሚጠላው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ ነው። መፍትሔው አንቴናው ላይ የሚሰካ፣ ሞገዱን ወደ ታች የሚያወርድ ትንሽ መቀየሪያ ሲሆን፣ ሲገዙ የሚያወርደውን መጠን ማየት ያስፈልጋል። በ12 ሜጋኸርዝ የሚያወርደው ፋና 98.1ን 86.1 ላይ ያመጣል፤ ሸገር 102.1 ግን 90.1 ላይ ስለሚያርፍ በአንዲት ነጥብ ያመልጣል። በ16 የሚያወርደው ሸገርን 86.1፣ ፋናን 82.1፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1ን 81.1፣ አፍሮ 105.3ን 89.3 ላይ ያስቀምጣል። ሱቆች ይህን ሳይጠይቁ ያገኙትን ያነሣሉና ቁጥሩን አንብቦ መውሰድ የገዢው ድርሻ ነው።

ሶፍትዌር ማደስን በተመለከተ ፎርድ፣ ቶዮታና አንድሮይድ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የፎርዱ ኤክስፋት በተባለ ፎርማት በተሰናዳ ፍላሽ ይታደሳል፣ ብዙ ደቂቃም ይወስዳል፤ የጃፓን ቶዮታው እድሳት ጥቅሙ ከካርታ ስለማይዘል እዚህ አገር አያስፈልግም። በአንድሮይዱ ላይ ግን እጅ መሰብሰብ ይበጃል፤ ለሌላ ሰሌዳ የተሠራ ሶፍትዌር ከተጫነበት ላይነሣ ስለሚችል፣ የስሪት ቁጥሩን ገጽ ፎቶ ሳያነሡና ከሻጩ ሳያረጋግጡ መጫን አይገባም።

ከከተማው ዳር ለምንኖር ደግሞ መብራት አለ፣ ማለትም የለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ያገለገሉ ሞጁሎችን ሶፍትዌር ጠረጴዛ ላይ የማድሰው ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በሚወጣው 12 ቮልት ነበር። መብራቱ አንድ ማታ በመሐል ሄደ፤ ሲመለስ ሞጁሉ ምልክቱን እያሳየ ራሱን ደጋግሞ ከማጥፋትና ከማብራት በቀር ምንም አልሠራ አለ። አሁን ቻርጀር ከተሰካበት የመኪና ባትሪ ላይ ብቻ ነው የምሠራው፤ መብራቱ ቢሄድ ባትሪው ሥራውን ይጨርሳል።

ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ በብዛት የምናያቸው፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩት እንደ አይዲ 4 እና አይዲ 6 ያሉት፣ ኤሲያቸውን ሳይቀር በስክሪን ያዛሉ፤ ቋንቋው ቻይንኛ ቢሆንም ቤት ውስጥ ስክሪን መለወጥ አያዋጣም፣ የሚሻለው ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ ቋንቋውን ማስተካከል ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ክሩስኮቱ ሳይነካ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ መቆየት ይኖርበታል፤ በአካባቢው ያለው ቢጫ ሽቦና ሶኬት የኤርባግ ሊሆን ስለሚችል በቴስተርም አይነካም። የወጣውን አሮጌ ራዲዮ ደግሞ በልዋጭ መስጠት አይመከርም፤ መኪናው ሲሸጥ ኦሪጂናሉን የሚጠይቅ ገዢ አይጠፋም። እኔ በመጨረሻ ባለ 2 ጊጋባይቱን አንድሮይድ ገጥሜ፣ የቪትዜን ራዲዮ ኤስዲ ካርዱን ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጥፌ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ።