ደሴ ላይ ቤት ስንገዛ ላማከሩን ጠበቃ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

እኔና ባለቤቴ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የገዛነው ቤት ስሙ ወደ ሁለታችን ተዛውሮ አዲሱ ካርታ እጃችን ገብቷል። ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አብረውን ለደከሙት የሕግ አማካሪና ጠበቃ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት እርሳቸውን እንዲያማክር መጠቆም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ግን አልፈቀዱም፤ ጠበቃ ራሱን በማስታወቂያ ማስተዋወቅ የለበትም የሚል ጽኑ አቋም አላቸው፤ እኔም አክብሬዋለሁ። የሠሩልንን በዝርዝር የምጽፈው፣ «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ብቻ ማለፍ ቤት ለሚገዛ ሰው የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ ነው።

ቤቱን ያሳየን ደላላ «ካርታ ያለው፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሆነ» ብሎ ነበር ያቀረበልን። ካርታው በእርግጥም ነበር። ኮፒውን ይዘን ፒያሳ ወዳለው ቢሯቸው ስንገባ ጠበቃዋ ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቁ፣ በካርታው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ማን እንደሆነና የሚሸጥልን እርሱ ራሱ መሆን አለመሆኑን ጠየቁን። ስሙ የአባወራው ነው፤ አባወራው ካረፉ ግን ዓመታት አልፈዋል። የሚሸጥልን አንደኛው ልጃቸው ሲሆን፣ በእጁ የያዘው አባቱ በሕይወት ሳሉ የሰጡትን ውክልናና ጂዳ የሚኖረው ወንድሙ የላከለትን ሌላ ውክልና ነበር።

በዚህ ጊዜ ያስረዱንን ነገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በእርሱ ላይ ስለቆመ፣ በደንብ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ ዜጋው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሠራው ግንባታ ላይ ግን ሙሉ መብት አለው፤ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም ይችላል። ስለዚህ «ቦታ ገዛሁ» የሚል ሰው በሕግ ዓይን የገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ካርታው ደግሞ ይህ መብት የማን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 መሠረት የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ለአንድ ሰው የባለሀብትነት ማስረጃ ከሰጠው ያ ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1196 ግን ይህ ግምት የሚፈርስባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ማስረጃው የተሰጠው ሕጉን ባልተከተለ መንገድ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል እንደሆነ ከተረጋገጠ፣ ወይም ሌላ ሰው ማስረጃው ከተሰጠበት ቀን በኋላ ባለሀብት መሆኑን ካስረዳ ግምቱ ይወድቃል። «እኔ የማየው ወረቀቱን ሳይሆን ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን መብት ነው» ያሉን ለዚህ ነው። የካርታውን እውነተኛነት ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር ያመሳከሩትም ወዲያውኑ ነበር። በዚያው ፋይል ውስጥ ሟቹ ከዓመታት በፊት ለባንክ ያስያዙት የመያዣ ምዝገባ አልተነሣም ነበር፤ ብድሩ ተከፍሎ ያለቀ ስለሆነ ባንኩ በደብዳቤ አሳውቆ ተሰረዘ።

ውክልናዎቹ ግን በቀላሉ የሚያልፉ አልሆኑም። የአባትየው ውክልና በሞታቸው ዕለት አብቅቷል፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። የወንድምየው ደግሞ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚሸፍን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን ልዩ ሥልጣን እንደሚያስፈልግ በአንቀጽ 2205 ይናገራል። ልጁ ሊያታልለን አላሰበም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ ቅን ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን ቅንነት የሌለውን ሥልጣን አይተካም። በወሎ አብዛኛው ቤተሰብ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ስላለው ይህ ነገር ብዙዎችን የሚነካ ይመስለኛል። በመጨረሻ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አወጡ፤ የጂዳው ልጅም የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና በቆንስላው በኩል አዘጋጅቶ ላከ፤ እርሱም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ። ደላላው ግን ውክልናው እስኪደርስ በሦስት ምስክር የመንደር ውል እንድንዋዋልና ግማሹን ገንዘብ እንድንከፍል አጥብቆ ይገፋፋን ነበር።

ጠበቃዋን እጅግ ያከበርኳቸው ግን በሟቹ ባለቤት ጉዳይ ነው። ልጆቹ ቤቱን «የአባታችን ውርስ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ እናትየውም እንደዚያው ያምኑ ነበር። አንድ ከሰዓት ቡና ጠርተውን ቤታቸው ተሰብስበን ሳለ ጠበቃዋ ቤቱ የተሠራው መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ከሠርጋቸው በኋላ፣ የበኩር ልጃቸው ሳይወለድ በፊት መሆኑን እናትየው ሲነግሯቸው፣ «እማማ፣ እንግዲያው ቤቱ የጋራ ሀብታችሁ ነው፤ ግማሹ የእርስዎ የራስዎ ነው። ልጆችዎ የሚወርሱት የአባታቸውን ግማሽ ብቻ ነው» አሏቸው። እማማ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥተው ማቶቱ ላይ እያስቀመጡ፣ «እኔማ ልጆቼ የሚቆርጡልኝን ልቀበል ነበር» አሉ። ጠበቃዋ የተቀጠሩት ለእኛ ለገዢዎቹ ነው፤ ይህን መናገር ግን እኛንም መጠበቅ እንደሆነ በኋላ አስረዱን፤ ድርሻው የተነካበት የጋራ ባለሀብት ነገ ሽያጩ ይፍረስልኝ ብሎ ቢከስ የምንጎዳው እኛ ነን። በውሉ ላይ እማማ በባለሀብትነታቸው ከሻጮቹ አንዷ ሆነው ፈረሙ፤ ድርሻቸውም በራሳቸው ስም በተሠራ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ተከፈላቸው። እኔና ባለቤቴም በውሉና በካርታው ላይ ሁለታችንም እንድንጻፍ ያሳሰቡን በዚያው ዕለት ነው።

ሌላው ያልጠበቅነው ነገር የቦታው ስፋት ነው። ደሴ በጦሳ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ብዙ ግቢ በድንጋይ ካብ እየተደገፈ በእርከን የሚወርድ ነው። ካርታው 200 ካሬ ሜትር ይላል፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው ግቢ ግን ለዓይን እንኳ ከዚያ ይሰፋል። ጠበቃዋ አንድ ቀያሽ ይዘው መጡና፣ ማለዳ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ጫማቸውን እየያዘው፣ የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ይዘው ከበሩ እስከ ኋለኛው ካብ ድረስ ሄዱ። በካርታው ላይ ያለው ወሰን ከካቡ በላይ ያበቃል፤ ከካቡ በታች ያለው እርከን፣ ማድ ቤቱ የተሠራበት ጭምር፣ ከካርታው ውጭ ነው። ሻጮቹም ቢሆኑ መብት የላቸውምና ሊሸጡት አይችሉም፤ ስለዚህ ዋጋው በካርታው ስፋት ልክ እንደገና ተነጋግረንበት ቀነሰ፤ ማድ ቤቱም ለእኛ ያለ ዋስትና እንደሚቀር አውቀን ገባንበት። እግረ መንገዳቸውንም በከተማው ፕላን ላይ መንገድ የሚያልፍበት መሆን አለመሆኑን አጣርተውልናል።

ቤቱ ነባር ይዞታ፣ ማለትም የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ፣ መሆኑንም ደላላው እንደ መልካም ነገር ነበር የነገረን። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ፣ እንደሆነ ይደነግጋል። ልጆቹ ወርሰው ቢኖሩበት በነባርነቱ ይቀጥል የነበረው ቦታ እኛ ስንገዛው ሊዝ ሆነ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ በየዓመቱ የሚከፈለውን ሒሳብ ግን ገና ዋጋ ስንነጋገር ማወቃችን ጠቅሞናል።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ የመንደር ውሉን ሐሳብ ጠበቃዋ ከነጭራሹ አልተቀበሉትም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረትም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት፣ ሽያጩ በንብረት መዝገብ እስካልተመዘገበም ድረስ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን አስረዱን፤ ሻጩ በማግሥቱ ያንኑ ቤት ለሌላ ቢሸጠውና ያኛው ቀድሞ ቢያስመዘግብ፣ የእኛ ምስክሮች የሚያድኑን አልነበሩም። ደላላው በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ግብር እንደሚቀንስም አንሥቶ ነበር። መንግሥትን ማታለል ከመሆኑም በላይ፣ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ከፍዬአለሁ ብሎ በቀላሉ የሚያስረዳው በውሉ የተጻፈውን ብቻ ስለሆነ፣ የከፈልነው በሙሉ ተጻፈ። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ሕጉ ይናገራል፤ ይህ እጥፍ የሚጠቅመው ግን ቀብዱን የተቀበለው ሰው በእርግጥ ለመሸጥ መብት ያለው ሲሆን ነው። የቀረውን ገንዘብ የተወሰነ ክፍል ስም እስኪዛወር ድረስ እንድናቆየው ያደረጉትም ሻጮቹ ፈቅደውና በውሉ ተጽፎ ነው።

ለሚያስብበት ሰው የማልደብቀው ነገር ቢኖር ከእርሳቸው ጋር ሥራው እንደማይቻኮል ነው። ደላላው ሌላ ገዢ አለ እያለ ሲያስጨንቀን፣ እርሳቸው ማጣራቱ ሳያልቅ አንድ ብር እንዳንከፍል አጥብቀው ከለከሉን፤ ቤቱ ቢያመልጠን ኖሮ ሊያሳዝነን ይችል ነበር፤ ቢሆንም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ክፍያቸውን ከመነሻው በጽሑፍ ተስማምተው ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ በቤቱ ዋጋ በመቶኛ አያስከፍሉም፤ ከደላላም ምንም አይቀበሉም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ሁሉ ሰነዱን ይዞ አልወጣምና፣ ዋናው ካርታ የጠፋበት ሻጭ ካጋጠማችሁም ተስፋ ሳትቆርጡ ጠይቋቸው፤ ፋይሉን ፈልገው ያጣራሉ።

እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን እያልኩ፣ አድራሻቸውን ለሚጠይቀኝ ሁሉ በግል እሰጣለሁ። ስትሄዱ የካርታውን ኮፒ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃውን፣ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ የውክልናውን ኮፒ፣ የዘንድሮውን የግብር ደረሰኝም ይዛችሁ ሂዱ። ቀብዱ ግን ኪሳችሁ ይቆይ።