ሬዚን ለመሞረድ፦ የሚጣል ማስክ ወይስ ፊልተሩ የሚቀየር?

መርካቶ ገብቶ «የአቧራ ማስክ» ላለ ሰው ሦስት ዓይነት ይወጣለታል፦ የኮቪድ ጊዜው ሰማያዊ፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ኬኤን95 (የቻይና ደረጃ) እና ግራና ቀኝ ፊልተር የሚገጠምለት የጎማ ማስክ። ትንንሽ የመኪናና የአውሮፕላን ሞዴል የሚገጣጥሙ ጓደኞች «የቱን እንግዛ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ለሬዚን (ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ለሚጠነክረው የፕላስቲክ ዓይነት) የጎማውን ግዙ። ሰማያዊውን እርሱት፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፤ የሬዚን ብናኝ ደግሞ እንደ ጤፍ ዱቄት ይቦናል።

ዋጋው ያስደነግጣል። ግን ሒሳቡን በሥራ ሰዓት ሥሩት። የሚጣለው ከረጠበ ወይም ላስቲኩ ከላላ አለቀለት። የጎማው የአንድ ኬኤን95ን 30 እጥፍ ቢያወጣ እንኳ፣ 30 ማስክ ከጣላችሁ በኋላ ወጪያችሁ ፊልተር ብቻ ነው፤ እሱም የሚቀየረው መተንፈስ ሲከብድ ነው። «ረከሰ» ከተባላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከነፊልተሩ ነው? ፊልተሩ ጥንድ ነው ነጠላ? መቀየሪያውስ እዚሁ አለ? መቀየሪያ የሌለው ማስክ በነፃም ውድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በቀለሙ ነው። ጥቁሩ ካርትሬጅ የቲነርና የቀለም ሽታ እንጂ አቧራ አይዝም። የምትፈልጉት ደማቅ ሮዙን ፒ100 ነው፤ ቢያንስ 99.97 በመቶ ያጣራል፣ የሚጣለው የአሜሪካ ደረጃ ኤን95 ደግሞ ቢያንስ 95።

ኮፒው ሞልቷል፣ በተለይ 3ኤም የተባለው ኩባንያ የሚሠራው የጎማ ማስክ፣ የ6200። ከመክፈላችሁ በፊት ፊታችሁ ላይ ለኩት፤ ሁለቱን ፊልተሮች በመዳፍ ሸፍናችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። ማስኩ ፊታችሁ ላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ካልተጣበቀ ወይ ጎማው ደረቅ ነው፣ ወይ የትንፋሽ መውጫው ቫልቭ ምላስ (ስስ የጎማ ክዳኑ) ተጣሟል፣ ወይ ልኩ አይደለም (6100 ትንሽ፣ 6200 መካከለኛ፣ 6300 ትልቅ ነው)። ጢም ካላችሁ የቱም አይገጥምም። የአሜሪካ ኤን95 ተብሎ በጆሮ የሚንጠለጠል ከሆነም ተጠራጠሩ፤ እውነተኛው ከራስ ጀርባ የሚታሰር ሁለት ላስቲክና በቲሲ-84ኤ (TC-84A) የሚጀምር የማረጋገጫ ቁጥር አለው።

ገንዘቡ ካልደረሰ፣ ሬዚኑን በውሃ እያረጠባችሁ ከሞረዳችሁ ባለ ሁለት ላስቲኩ ኤን95 ያሠራል። ከመኪና ቀለም ሱቅ ጥቁሩን የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ግዙ፣ ቁጥር 400፣ 600 እና 1000። ውሃው ላይ ጠብታ ላርጎ ጨምሩ፤ ወረቀቱ ቶሎ አይደፈንም። ሬዚኑ ሲፈስ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ የቀረውን ትርፍ ጉቶ በመጋዝ ስትቆርጡም መጋዙን አርጥቡት። ነጩን ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከደረቀ ተመልሶ ይቦናል። በሚሽከረከር ሞተር የምትሞርዱ ከሆነ ግን ውሃው አያዋጣም፣ ለሞተሩም ለእጃችሁም አደጋ ነው፤ ያኔ የጎማው ግዴታ ነው።

ስትጨርሱ ማስኩን ጥረጉና ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ካደረ የውስጡ ፊት አቧራ ይጠጣል፣ ነገ የምትስቡት እሱን ነው።