ለዕረፍት ጉዞ የሚሆን ስፓኒሽ፦ ገንዘብና ጊዜ ለየትኛው ይዋል?

ማድሪድ ወይም ማላጋ ሄዶ ሳምንት ለሚቆይ ሰው ሰዋስው ግዴታ አይደለም። ቡና ማዘዝ፣ ዋጋና መንገድ መጠየቅ፣ መድኃኒት ቤት ገብቶ የሚያመውን መናገር ከቻለ ይበቃዋል። መጠየቁ ደግሞ ቀላል ነው፤ «ኳንቶ ኩዌስታ?» (ስንት ነው?) የሚለውን ማንም በአምስት ደቂቃ ይይዘዋል። ሥራው ያለው ባለሱቁ በአንድ ትንፋሽ «ኦቾ ኮን ሲንኩዌንታ» ብሎ ሲመልስ ነው። 8 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ማለቱ ነው። ስለዚህ መተግበሪያም ሆነ ኮርስ ሳወዳድር ከሁሉ በፊት የማየው ጆሮን ለመልሱ ያዘጋጃል ወይ የሚለውን ነው።

በዚህ ሚዛን ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ መተግበሪያ ይቀልላል። ማስታወቂያውን ለታገሠ ሰው ነፃ ነው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የማጥናት ልማድ ያስይዛል፣ ካፌና ጉዞንም ገና በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ይነካል። ነገር ግን አብዛኛው ልምምድ ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩ ቃላት መርጦ መንካት ነው። አይቶ መለየትና አስተናጋጅ ፊት ቆሞ ከአፍ ማውጣት ይለያያሉ። ከጉዞው ሦስት አራት ወር ቀድሞ ለሚጀምር ማሟሟቂያ ይሁነው፤ ሁለት ሳምንት ለቀረው ግን አልመክርም።

እውነተኛው ፉክክር ያለው ፒምስለርና ላንጉዌጅ ትራንስፈር በተባሉት ኮርሶች መካከል ነው። ሁለቱም በድምፅ ናቸው፤ ሁለቱም ያናግራሉ። የፒምስለር አንድ ትምህርት 30 ደቂቃ ነው። ይጠይቅህና ዝም ይላል፤ አንተ ጮክ ብለህ ትመልሳለህ፤ ከዚያ ትክክለኛውን ያሰማሃል። ቃሉን ከደቂቃ በኋላ፣ ቆይቶም በማግስቱ መልሶ ያመጣዋል። እጅና ዓይን ስለማይይዝ ታክሲ እየነዱም ወጥ እየሠሩም ይሆናል። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ ምዝገባው በወር ወደ 20 ዶላር ይጠይቃል፣ የሚያስተምረው የቃል ብዛትም ትንሽ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት በነፃ ስለሚሰጥ እሱን ሞክሮ፣ ለአንድ ወር ብቻ ከፍሎ፣ ከጉዞው በፊት መሰረዝ ይቻላል።

ላንጉዌጅ ትራንስፈር ያለ ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ሚሃሊስ ኤሌፍቴሪዩ የተባለው መምህር በ90 አጫጭር ቅጂዎች አንድ ተማሪ ሲያስተምር ትሰማለህ፤ እያቆምክ በተማሪው ፋንታ ትመልሳለህ። ዓረፍተ ነገር አያሸመድድም፣ መሥራት ያስተምራል። እንግሊዝኛ ውስጥ «ሪዘርቬሽን» ካወቅህ «ሬሰርባሲዮን»ን በዚያው ታገኛለህ፤ በዚህ መንገድ ብዙ ቃል በአንዴ ይከፈታል። ያም ሆኖ እንግሊዝኛው ላልጠነከረ ሰው ይከብዳል፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ንግግርም ላይ አያተኩርም። እንግሊዝኛ ለሚችልና ሁለት ወር ላለው ሰው እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ጊዜ ላጠረው ፒምስለር ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ አማርኛ የሚያውቀው ጉግል ትራንስሌት ነው፤ ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ይተረጉማል። ኢንተርኔት በሌለበት እንዲጠቅም ስፓኒሹን ከቤት ሳይወጡ ስልክ ላይ ማውረድ ያስፈልጋል። ሜኑ በካሜራ ለማንበብ እጅግ ጠቃሚ ነው። ከአማርኛ ሲተረጎም ግን ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ የወጣውን ስፓኒሽ መልሶ ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ማየትም ጥሩ ነው፣ በተለይ ጉዳዩ መድኃኒት ከሆነ።

የኪስ የሐረግ መጽሐፍ ባትሪ አይፈልግም፤ አነባበቡ ግን የተጻፈው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ነው። የሚፈለጉትን ሐረጎች በፊደላችን መገልበጥ ይሻላል። አምስቱም የስፓኒሽ አናባቢዎች በኛ ፊደል አሉ፣ «ኝ»ም አለን፤ «ማኛና» (ነገ) ብሎ የጻፈ አይሳሳትም።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ግን ቅድሚያውን ለአስተማሪ እሰጣለሁ። አይቶኪ በተባለው የኢንተርኔት የቋንቋ አስተማሪዎች መገናኛ ላይ እያንዳንዱ አስተማሪ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ የሚከፈለውም በትምህርት ነው። በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ መጽሐፍ ሳይከፈት እሱ አስተናጋጅና ፋርማሲስት እየሆነ፣ በአገሩ ፍጥነት ዋጋ እየጠራ ያለማምድህ። የራስህን ጉዳይም ይዘህ ግባ። ለምሳሌ ጾመኛ ሰው ስፔን ውስጥ «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ብሎ ቢያዝ ቱና ወይም የአሳማ ሥጋ ጣል የተደረገበት ምግብ ሊቀርብለት ይችላል፤ ብዙ ቦታ «ካርኔ» ሲባል ካም (የአሳማ ሥጋ) አይታሰብምና። «ኤንሳላዳ ሚክስታ» የሚባለው ሰላጣም አብዛኛውን ጊዜ ቱናና እንቁላል አለበት። «ሲን ፔስካዶ፣ ሲን ኡዌቦ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ» (ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ) ብሎ መዘርዘር ያስፈልጋል። አሳማ የማይበላ ሁሉ ደግሞ «ዬባ ኻሞን?» (ካም አለበት?) ብሎ መጠየቅ አለበት። እንዲህ ያለውን እኛን የሚመለከት ነገር ከመተግበሪያዎቹ መጠበቅ አይቻልም።

ከመክፈልህ በፊት የምትሄድበትን አገር ስፓኒሽ ምረጥ። ፒምስለር የስፔኑንና የላቲን አሜሪካውን ለየብቻ ይሸጣል፤ ዱኦሊንጎ ወደ ላቲን አሜሪካው ያደላል። በሁለቱም ወገን መግባባት ይቻላል፤ ሆኖም ስፔን ውስጥ ጁስ «ሱሞ»፣ ሜክሲኮ ውስጥ «ኹጎ» ነው። ስፔኖች ለአውቶቡስ መያዝ የሚሉት «ኮኼር» ሜክሲኮ ውስጥ ጸያፍ ነው፤ ካንኩን የሚሄድ ሰው «ቶማር» ይበል። አስተማሪም ሲመረጥ የዚያው አገር ሰው ይሁን።