ልጃችንን ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርናት፦ ያገኘነውና ያጣነው

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰው እንደሚያስፈራራው አይደለም። ምገባው በጣም ጥሩ ነው። አብዛኞቹ መምህራን ሥራቸውን የሚወዱ ናቸው። የመጽሐፍ ጉዳይ ግን ያናድዳል።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮም ብዙ ወላጅ ይህንኑ እያሰበ ስለሆነ ነው። የግል ትምህርት ቤት የክፍያ ጭማሪ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛም ከዚያ ነው የመጣነው። ልጃችን አሁን 6ኛ ክፍል ናት፣ ያለችው ሰፈራችን ውስጥ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፣ የምለው ነገር የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

ከምገባው ልጀምር። የከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. ምገባውን፣ ዩኒፎርሙንና ደብተሩን መሸፈን ሲጀምር «ለወሬ ነው፣ ዓመት አይቆይም» ያለ ብዙ ነበር። ቆየ። አሁን ጠዋት ቁርስ አለ፣ ቀን ምሳ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ገብቼ አይቻለሁ። ልጆቹ እጅ ለመታጠብ ይሰለፋሉ፣ መጋቢ እናቶቹ ፀጉራቸውን ሸፍነው ገዋን ለብሰው እንጀራ በምስር ወጥ ያቀርባሉ፣ ቀስ እያለች የምትበላ ልጅ ካለች አጠገቧ ቆመው «በይ ጨርሺ የኔ ልጅ» ይሏታል። ልጄ ቤት ውስጥ ምስር አትነካም ነበር፣ እዚያ ግን ከጓደኞቿ ጋር ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። ምሳ ዕቃ ማዘጋጀት ቀርቶልናል። ለእኛ ይህ ማረፍ ነው፣ ከልጄ ጎን ለምትቀመጠው ልጅ ቤት ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል።

«ለምገባው የሚወጣው ገንዘብ ለመጽሐፍና ለመምህር ቢውል ይሻል ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክሩ ይገባኛል ግን አልስማማም። አንዲት አንጋፋ መምህርት እንዳጫወቱኝ፣ ድሮ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ የሚደፋ ልጅ አይጠፋም ነበር፣ እሳቸውም ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው የሰጡባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ባዶ ሆዱን የተቀመጠ ልጅ መጽሐፍ ቢሰጠውም አያነበውም። መንግሥት ሁለቱንም ማድረግ አለበት፣ አንዱን በሌላው ማስያዝ የለበትም።

አሁን ወደሚያናድደው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክፍል ሲገባ የታተመው መጽሐፍ በሰዓቱ አልደረሰም፣ ብዙ ተማሪ በሶፍት ኮፒ ነበር የተማረው። እኛ ጋ ዛሬም አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው፣ ወደ ቤት የሚወሰደው በተራ ነው። ይህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መምህሩ ይገባሉ፣ መልመጃውን ከላይ እስከ ታች ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ከሃምሳ በላይ ልጆች ይገለብጣሉ፣ ከኋላ ያለው ልጅ «ቲቸር፣ ያ ሰባት ነው አንድ?» ይላል፣ 40 ደቂቃ ከሆነው ክፍለ ጊዜ ግማሹ በዚህ ያልቃል። ማስተማር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ጎበዝ ናቸው፣ ምሳ ሰዓታቸውን ሰውተው የደከሙ ልጆችን ለብቻ ሲያስረዱ አይቻለሁ። ግን የእሳቸው ጊዜ በቾክ መገልበጥ ላይ መባከኑ ያሳዝነኛል።

እኛ መጽሐፉን ከቴሌግራም አውርደን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምነው፣ አስጠረዝነው። በጥቁርና ነጭ ስለሆነ የአካባቢ ሳይንሱ ካርታ ላይ ደጋውና ቆላው አይለይም፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ለእኛ የተወሰነ ብር ነው። ይህን ብር የማያገኝ ቤተሰብ ልጅ ግን ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ትምህርት ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንዲሆን የተወሰነው በ1986ቱ ፖሊሲ ነው፤ መጽሐፍ ለማሳተም ብር ያስፈለገው ልጅ ጋ ስንደርስ ነጻነቱ ጎዶሎ ነው።

ስለ ቋንቋው የጠበቅሁት ሌላ፣ ያገኘሁት ሌላ። የግል ትምህርት ቤቱ ሂሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምረው፣ እኛም ደስ ይለን ነበር። አሁን በአማርኛ ትማራለች። ባለፈው ታናሽ ወንድሟን ክፍልፋይ ስታስረዳው ሰማኋት፣ ዳቦ ቆርሳ «አየህ፣ ታች ያለው ቁጥር ሲበዛ ቁራሹ ያንሳል» ትለዋለች። ድሮ ሕጉን በእንግሊዝኛ በቃሏ ትወጣው ነበር እንጂ እንዲህ ሌላ ሰው አታስረዳም ነበር። የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ራሱ ግን ደካማ ነው፣ ይህን መደበቅ አልችልም። ክፍለ ጊዜው በአብዛኛው በአማርኛ ነው የሚያልፈው። 7ኛ ክፍል ስትገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ከአሁኑ ቤት ውስጥ እናስነብባታለን።

የ12ኛ ክፍሉን ፈተና ውጤት ሳይ የማስበውም ይህንኑ የመጽሐፍ ጉዳይ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ኩረጃና ስርቆትን ለማስቆም ፈተናውን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። በ2015 ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ፈተናውን ማጥበቁ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ የተሰረቀ ውጤት ለማንም አይጠቅምም። ግን ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የተማሩት እንዲህ መጽሐፍ በሚያጥርበት ክፍል ነው። ለልጆቹ «ሰነፎች» ማለት ግፍ ነው። በ2016 ክረምት ለመምህራንና ለርዕሳነ መምህራን በዩኒቨርሲቲዎች ሥልጠና መሰጠቱ ጥሩ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ መምህሩ ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ያህል እንደሚተርፈው መጠየቅ አለበት። ምገባውን ያሳካ አስተዳደር መጽሐፍ ማድረስ አይችልም ብዬ አላምንም። ምገባው ላይ በጀት ተመድቧል፣ ኃላፊነት ያለበት አካል አለ፣ ምግቡ ሳይቀርብ ቢቀር በዚያው ቀን ይታወቃል። መጽሐፍ ሳይደርስ ሲቀር ግን ዓመቱ ሳይታወቅ ያልፋል።

ሌላው ሌላው፦ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አንዳንዴ ይጠፋል። ቤተ መጻሕፍቱ አለ፣ ብዙ ጊዜ ቁልፍ ነው። ወላጅ ሲጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ማናገር ይቻላል፣ ግል ጋ ቀጠሮ ነበር።

ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ለምገባው 5 ከ5፣ ለመምህራኑ 4፣ ለመጽሐፉ 1 እሰጣለሁ። ልጄን ግን አላወጣትም፣ 7ኛ ክፍልንም በመንግሥት ትቀጥላለች።

ለማዛወር ያሰባችሁ መሸኛውን ቀድማችሁ ጠይቁ። የእኛን ያለፈው ትምህርት ቤት ቀሪ ሒሳብ አለባችሁ ብሎ ይዞት ምዝገባው ሊያመልጠን ነበር፣ ስለዚህ ደረሰኞቻችሁን አትጣሉ። የልደት ካርዷንና የክፍል ውጤቷን ኮፒ ያዙ። ስትመዘገቡ ደግሞ «በክፍል ስንት ልጅ ነው? መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌሎች ወላጆችም ጋር ሆናችሁ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ ድገሙት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍም አድርጉ። ማሳተም ካለባችሁ ነሐሴ ላይ አሳትሙ፣ መስከረም ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረፋ ነው።