24 ወይስ 27 ኢንች? ለዴስክቶፕ ሞኒተር ለምትገዙ

ዴስክቶፕ ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ሁሉ ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ ጠይቆ ይጨርስና መጨረሻ ላይ «እሺ ስክሪኑስ ስንት ኢንች ይሁን?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ስመልስ ሰለቸኝ። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አብዛኛው ሰው 24 ኢንች ይበቃዋል። አዲስ መሆንም የለበትም፤ ከቢሮ የወጣ ደህና ዩዝድ ከተገኘ እሱ ይሻላል። 27 የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ግን 27 ካልሆነ ከሚሉት ብዙዎቹ አይደሉም። 32 ደግሞ እንደርስበታለን።

በዋጋ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው። በብር ይህን ያህል ነው ብዬ ብጽፍላችሁ ብዙም አይቆይም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ዋጋ የሚጠራው ዕቃውን በገዛበት ሳይሆን ነገ በሚተካበት ሂሳብ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ትታችሁ የዋጋውን ልዩነት ያዙ።

ባለ 24 ኢንች ሰፊ ስክሪን 53 በ30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 27ቱ 60 በ34 ነው። በስፋት ሲሰላ 27ቱ የሚበልጠው በሩብ ያህል፣ ትንሽ ቢበዛ ነው። እንግዲህ 24ቱ 16 ሺህ ብር ቢባል (ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ነው) 27ቱ 20 ሺህ ቢሆን የከፈላችሁት ለስፋቱ ነው። ሻጩ 24 ሺህ ነው ካላችሁ ግን አራቱን ሺህ ለምን እንደምትከፍሉ ጠይቁት። መልሱ «ትልቅ ነዋ!» ከሆነ ውጡ።

እንዲያውም ለስፋቱ መክፈሉ ራሱ ሁልጊዜ አያዋጣም። ርካሽ የሆነው 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው፤ ማለትም በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ (ፒክስል) ያለው። 24ቱም ያው 1920 በ1080 ነው። የነጥቡ ብዛት እኩል ነው። ያንኑ ሊጥ ሰፋ ባለ ምጣድ ላይ ማዞር ማለት ነው፤ እንጀራው ይሰፋል እንጂ ሊጡ አይጨምርም። 24ቱ ላይ በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል ይገባል፣ 27ቱ ላይ 82። ኤክሴል ስትከፍቱ በሁለቱም ላይ የሚታዩት ረድፎች እኩል ናቸው። «ትልቅ ስክሪን ገዛሁ፣ ግን ያው ነው የሚታየኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ነገሩ ይሄ ነው።

«ፊደሉ ይተልቅልኛል፣ ዓይኔ ደክሟል» የሚል ክርክር አለ። እውነት አለው፤ ግን በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ የዊንዶውስን የማሳያ ሴቲንግ ከፍታችሁ መጠኑን 125 በመቶ አድርጉት። ፊደሉ 27ቱ ላይ በ100 በመቶ ከሚታየው የበለጠ ይተልቃል፤ በዚያ ላይ አንዱ ፊደል የሚሠራበት ፒክስል ስለሚጨምር ይጠራል። በእርግጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ጽሑፍ ይቀንሳል። የኛን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ግን ጥራቱ ትልቅ ነገር ነው። ሱን ከሲ የሚለየው ጭረቷ መሃል ላይ መሆኗ ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው። ሙሉ ቀን በአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ማታ ላይ ዓይኑን የሚያሸው ያቺን ጭረት ሲፈልግ ነው።

ትክክለኛው 27 ባለ 2560 በ1440 ነው። እሱ ላይ በኢንች 109 ፒክስል ይገባል፤ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ከፍታችሁ ሳትጨናነቁ ትሠራላችሁ። ችግሩ ዋጋው ነው። አሜሪካ እንኳ ባለ 1440ው 27 ከአዲስ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ በብዙ ይወደዳል። ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ የሕንፃ ፕላን የምትሠሩ፣ ዲዛይን እንጀራችሁ የሆነ ሰዎች ክፈሉት፤ ይመልሳል። ለኦፊስ ሥራ፣ ለዩቲዩብና ለልጆች ትምህርት ከሆነ በልዩነቱ ሌላ ነገር ግዙበት።

ጠረጴዛችሁንም ለኩ። 27 ኢንች ከዓይናችሁ ቢያንስ 70 ሴንቲሜትር ራቅ ማለት ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ጥግ ላይ የምናስገባት ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ጥልቀቷ ከ50 አይበልጥም። የሞኒተሩ እግር ራሱ 20ውን ይበላል። እዚያ ላይ 27 አስቀምጦ መሥራት አንገት ማዞር ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደው ልምጣ፤ ወደ ፌኩ። ጎረቤቴ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። «22 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ፣ አዲስ» ተብላ ከአንድ ሱቅ ሞኒተር ገዛች። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ አልተላጠም፣ ስቲከሩ የታወቀ ብራንድ ነው። ጽሑፉ ግን ጭጋግ የገባበት ይመስላል። ሄጄ በልብስ ሰፊ ሜትር ከጥግ ወደ ጥግ ለካሁት፤ 49 ሴንቲሜትር ተኩል። ይህ 19 ኢንች ተኩል ነው። ዊንዶውስ ላይ «የሚመከር» ብሎ የሚያወጣው ደግሞ 1600 በ900 ነበር። ሻጩ ስትመልስለት «ፉል ኤችዲ ሱፖርት ያደርጋል እኮ!» አላት። አልዋሸም፤ ሱፖርት ያደርጋል። 1080 ይቀበልና ጨፍልቆ 900 ላይ ያሳየዋል። ጭጋጉ የመጣው ከዚያ ነው። ገንዘቧን አልመለሰላትም፤ በሌላ ዕቃ ቀይሪ አላት።

ስለዚህ ሞኒተር ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የሚለካው የሚበራው መስታወት ብቻ ነው፤ ጠርዙ አይቆጠርም። 22 ተብሎ የሚሸጠው ከጥግ ወደ ጥግ 54 ወይም 55 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ 24ቱ 60 ወይም 61፣ 27ቱ 68 ወይም 69። «ሱፖርት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ደግሞ ጆሯችሁን አቁሙ። ኮምፒውተር ተሰክቶ ሴቲንግ ውስጥ «የሚመከር» የሚለውን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። «መብራት የለም፣ ቤት ሄደህ ሞክረው» ካላችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

ዩዝድ ይሻላል ያልኩት በዚህም ምክንያት ነው። ከውጭ ቢሮዎች የወጡት እነ ዴል ፒ2419ኤች፣ እነ ኤችፒ ኢ243 ለሥራ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እግራቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ስክሪኑ ይዞራል፣ ከጎን ስታዩት ቀለሙ አይገለበጥም። በዚያው ዋጋ ስሙ የማይታወቅ አዲስ ብትገዙ እግሩ ስትጽፉ አብሯችሁ ይወዛወዛል። ከሁሉም የምወደው ዴል ዩ2412ኤም ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሽማግሌ ነው፤ ግን 1920 በ1200 ነው፤ ከታች 120 መስመር ይጨምራል። ለዎርድና ለኤክሴል ያቺ ጭማሪ ትጣፍጣለች። ያረጀ መሆኑ ግን ግልጽ ይሁን፤ በዕድሜው ልክ አስቀንሱ።

ዩዝድ ስታዩ ከጀርባ ያለውን ስቲከር አንብቡ፤ የተመረተበት ወርና ዓመት አለው። ስቲከሩ ከተላጠ ዋጋው ይውረድ። ሙሉ ነጭ ምስል ክፈቱና ጥጎቹን ተመልከቱ። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ሮዝ ካደላ፣ ወይም እስኪሞቅ ድረስ ከደበዘዘ፣ ስክሪኑን ከውስጥ የሚያበራው መብራት አልቋል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ኤልኢዲ ሳይሆን ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው ያላቸው፤ እነሱን በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አስቡበት። ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ክፈቱ፤ የማትጠፋ ነጥብ ካለች እዚያ ትታያለች። አንዲት ነጥብ ጥግ ላይ ብትሆን አልመለስም፤ ብር አስቀንስባታለሁ እንጂ። እግሩም የራሱ መሆኑን እዩ፤ ከሌላ ሞኒተር ተነቅሎ በብሎን የታሰረ ከሆነ አንድ ቀን ስክሪኑ በግንባሩ ይወድቃል።

ኬብል ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እዚህ በብዛት የሚሸጡት ዩዝድ ዴስክቶፖች፣ ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 የመጀመሪያው ትውልድ፣ ከጀርባ ያላቸው የስክሪን መሰኪያ ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ ነው። ኤችዲኤምአይ የላቸውም። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ሞኒተር ከገዛችሁ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ያስፈልጋችኋል፤ ርካሽ ነው። አቅጣጫው ግን ይለያል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄደው ሌላ ዕቃ ነው፤ ርካሹን ገልብጣችሁ ብትሰኩት አይሠራም። ሻጩ «ሁለቱም ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

እነዚያ ሁለት ዲስፕሌይፖርቶች ሌላም ጥቅም አላቸው። ሁለት ስክሪን ያለ ተጨማሪ ካርድ ይነዳሉ። በአንድ አዲስ ባለ 1440 27 ኢንች ዋጋ ሁለት ዩዝድ 24 ማግኘት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ለሂሳብ ሠራተኛ፣ ለተርጓሚ፣ ኮድ ለሚጽፍ ሰው እኔ ሁለቱን አስገዛዋለሁ። አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሥራ አይቆምም።

መበላሸቱ ደግሞ አይቀርም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው የመብራት ቦርዱ ነው፤ የሚያብጡት ካፓሲተሮች በትንሽ ብር ይቀየራሉ። ፓኔሉ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት መስታወት፣ ከተሰነጠቀ ግን አለቀ። ፓኔል ማስቀየር የሞኒተሩን ዋጋ ይጠጋል፤ ያለው አማራጭ ቦርዱ የሞተ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጎ ማጋባት ነው። 24 እዚህ ላይም ይረታል፦ በየጠጋኙ መደርደሪያ ላይ ብዙ ሬሳ አለው። ለ27 መለዋወጫ ስታፈላልጉ ትከርማላችሁ።

አንዳንድ ሞኒተር መብራት የሚቀበለው በውጭ አዳፕተር ነው። ይህን እወደዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሲቃጠል አዳፕተሩ ብቻ ይቃጠላል። ግን አዳፕተር ሁሉ አንድ አይደለም። 12 ቮልት አለ፣ 14 አለ፣ 19 አለ፤ ጫፋቸው ሲመሳሰል ዕድል ሆኖ ይገባል። የ12 ቮልቱ ላይ 19 የሰካ ሰው ቦርዱን ራሱ ነው የገደለው። ከሞኒተሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቡ። ቮልቱ እኩል ይሁን፤ አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም።

«ከአሜሪካ ዘመድ ያምጣልኝ?» ለሚሉኝ፦ መብራቱ ችግር አይደለም፤ አብዛኞቹ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ችግሩ ሻንጣ ነው። ተሰንጥቆ ቢደርስ ለማን ይመለሳል?

20 እና 22 ኢንች ለሱቅ ካሸር፣ ለፋርማሲ ባንኮኒ፣ ቦታ ለጠበበበት ጥሩ ነው። ፉል ኤችዲ የሆነ 22 ከተገኘ ጽሑፉ ከ24ቱም ይጠራል፣ ግን ይደቅቃል። ለቤት አልመርጠውም፤ ከ24ቱ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ነው።

32ቱስ? ብዙ ጊዜ ሰው የሚያስበው ሞኒተር ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። «ዋጋው ከ27 ሞኒተር ያንሳል፣ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ቴሌቪዥንም ይሆነኛል።» አብዛኛው ርካሽ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 1366 በ768 ነው። በኢንች 49 ፒክስል ብቻ! ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ማለት ነው) የሚል ካለ አጠገቡ ያቺን «ሱፖርት» የምትል ቃል ፈልጓት። ፊልም ከሶፋ ላይ ለማየትና የካሜራ ምስል ለመከታተል ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ደብዳቤ ለመጻፍ ግን በእኔ ገንዘብ አይሆንም። 4ኬ የሆነ እውነተኛ 32 ሞኒተር ግሩም ነገር ነው፤ እሱን መግዛት የሚችል ሰው ግን እኔን አይጠይቀኝም።

ከ24ቱ የሚተርፈው ብር ካለ መጀመሪያ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ግዙበት። 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር ሲሠራ የሚበላው 20 ዋት አካባቢ ስለሆነ ትንሿ ዩፒኤስ ኮምፒውተሩንም አብራ ይዛ ፋይላችሁን ሴቭ እስክታደርጉ ትቆያለች። ዩፒኤስ ካልተቻለ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።